ሰኞ ቢሮ፣ ቅዳሜ ከበሮ

እናቴ ለንደን የመጣችው ብርዱ ሲጀማምር ነው። የሎርድ ሜየር ሾው ቅዳሜ ደረሰና ይዣት ወጣሁ። ሲቲ ኦፍ ለንደን የሚባለው የከተማዋ ጥንታዊ ክፍል አዲስ ከንቲባ በየዓመቱ ኖቬምበር ላይ ለዘውዱ ታማኝነቱን ሊምል በሰልፍ ይሄዳል። ልማዱ የእ.ኤ.አ. 1215 ነው።

ከበሮው ከሩቅ ተሰማ። ቀይ ኮት፣ ረጃጅም የድብ ጸጉር ቆብ። ትልቁን ከበሮ የያዘው ሰውዬ የነብር ቆዳ ለብሷል። እማዬ ክንዴን ያዝ አደረገች።

"ለምድ ለብሷል እኮ! ምን ጀብዱ ሠራ?"

"እዚህ የከበሮ መቺ ወግ ነው።"

"የንጉሡ ዘበኞች ናቸው?"

ይመስላሉ። ግን የንጉሡ ግሬናዲየር ዘበኞች የኮት ቁልፍ ወርቃማ ነው፤ የእነዚህ ብርማ። የኦነረብል አርቲለሪ ካምፓኒ ከበሮ መቺዎች ናቸው። ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ በ1537 እ.ኤ.አ. ቻርተር የሰጠው ክፍል ነው፤ ዛሬ የተጠባባቂ ጦር አካል ሆኗል። ከሰልፈኞቹ ብዙዎቹ ሰኞ ከረባት አስረው ቢሮ ይገባሉ።

"ወታደርነት ደግሞ የትርፍ ሰዓት አለው እንዴ?"

አልፈርድባትም። እኔም ግር ብሎኝ ነበር። የሥራ ባልደረባዬ፣ ያ ዝምተኛው የሒሳብ ሠራተኛ፣ ሁለት ሳምንት ጠፍቶ መጣ። "ካምፕ ነበርኩ" አለኝ። ድንኳን ተክሎ ዓሣ ሲያጠምድ የከረመ መስሎኝ! ለካ እሱም ተጠባባቂ ወታደር ኖሯል። እኛ ሰፈር የወታደር ካምፕ አጠገብ ስናልፍ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነበር። ዩኒፎርም ያየ መንገድ ይለቃል።

ለነገሩ የእኛም ወታደር ድሮ የትርፍ ሰዓት ነበር። ነጋሪት ሲጎሰም ገበሬው ሞፈሩን ጥሎ፣ ስንቁን ራሱ ቋጥሮ ይከታል። ዘመቻው ሲያልቅ ወደ በሬዎቹ። በ1888 ዓ.ም. አድዋ የዘመተው ብዙው ሰው እንዲህ ያለ ነበር። ልዩነቱ እዚህ ሰውዬው ፈልጎ መመዝገቡ ነው። እኛ ጋ ነጋሪቱ ከተጎሰመ አለቀ፤ መቅረት የለም። ያ ነጋሪት ዛሬ በስም የቀረው አዋጅ የሚታተምበት ጋዜጣ ላይ ነው። (እሱንም ከጠበቃ በቀር የሚያነበው አላየሁም።)

ዝናብ ጀመረ። ሰልፉ ለአፍታ ቆመ። ፊት ለፊታችን ያለው ልጅ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከቆቡ ጸጉር ውኃ እየተንጠባጠበ ከበሮው ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ጉንፋን ይዞታል መሰለኝ፣ አፍንጫውን ይስባል። እማዬ ሶፍት ልትሰጠው ቦርሳዋን ከፈተች፤ እጇን ያዝኩ።

"ለመሆኑ ይከፈለዋል?"

"ለሠለጠነበት ቀን ይከፈለዋል። የሚኖረው ግን በሌላ ሥራው ነው።"

ትንሽ አሰበች። "እንደ ዲያቆናችን በለኛ!"

እውነቷን ነው። የደብራችን ዲያቆን ሳምንቱን ሙሉ አውቶቡስ ይነዳል፤ እሑድ ከበሮ አንግቶ ይቆማል። በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ጠራችው።

"አባባ፣ አንተ ብቻ ነህ ለምዱ የቀረብህ።"

ምን እንደምትል አልገባውም። ጋቢውን አስተካከለ።