ውዳሴ ለትልቁ ቁጥር

ባለፈው ቅዳሜ ሞኒተር ለመግዛት ደብረ ማርቆስ ገበያ ወጥቼ ባዶ እጄን ተመለስሁ። ነገር ግን አልከሰርሁም፤ ከእኔ ቀድመው የቆሙት ገዢ ሁለት ሞኒተር ሲያወዳድሩ የማየት ዕድል አግኝቻለሁና። እርሳቸው እንደ እኔ ተጠራጣሪ አይደሉም። «ይብራና ልየው» ሳይሉ ካርቶኖቹን ጎን ለጎን አስቁመው፣ ቁጥሩ የበዛበትን መርጠው፣ ከፍለው ሄዱ። በየመሥሪያ ቤቱና በየጌም ቤቱ የምታውቋቸው ወገኖች ናቸውና ማስተዋወቅ አያሻኝም።

የቅኔ አገር ልጆች ነን እንላለን፤ በዲማና በዋሸራ ሰሙን ገልጦ ወርቁን ማግኘት ዓመታት ይፈጃል። በሞኒተር ገበያ ግን ሥራው ቀሏል፤ ሰሙ ካርቶኑ ላይ ታትሟል፣ ወርቁን እኛ ከኪሳችን እንከፍላለን። ካርቶኑ የነጩና የጥቁሩ ልዩነት «ሚሊዮን ለአንድ» ነው ካለ፣ አይፒኤስ የሚባለው ዓይነት ርካሽ ስክሪን እውነተኛ ልዩነቱ 1,000 ለ1 ገደማ መሆኑን ማንሳት ምቀኝነት ነው።

ከእነዚህ ሊቃውንት ሁሉ ልቤ የሚያደላው ግን ለአንድ ኃላፊ ነው። ለደብዳቤ መጻፊያ ባለ32 ኢንች፣ 165 ሄርዝ (ምስሉን በሰከንድ 165 ጊዜ የሚያድስ)፣ «ለጌም» የተባለ ሞኒተር አስገዙ። የስክሪኑ ነጥቦች 1920 በ1080 ናቸው፤ በርካሹ ባለ24 ኢንች ላይም ያሉት እነዚያው ስለሆኑ፣ በኢንች 92 የነበሩት ወደ 69 ወረዱ። ያንኑ ሊጥ በሰፊ ምጣድ የዘረጉት ያህል ፊደሉ ሳሳ፣ ጠርዙም የመጋዝ ጥርስ መሰለ። ኃላፊው ግን «ትልቅ ነው» አሉ፤ እውነትም ትልቅ ነበር። ቀጥሎ አሮጌው ኮምፒውተራቸው ከቪጂኤ በቀር ሌላ መሰኪያ የሌለው ሆኖ ተገኘ፤ መቀየሪያ ተገዛ፤ መቀየሪያው ከ60 ሄርዝ በላይ አላሳልፍ አለ፤ 165ቱ በካርቶኑ ላይ ብቻ ቀረ። ስለዚህም ካርቶኑ አልተጣለም፤ እንግዳ እንዲያነበው ከመደርደሪያው አናት ላይ ተቀመጠ። የስክሪኑ የፊት ላስቲክ አቧራ እንዳያገኘው ተብሎ አልተላጠም፤ ከላስቲኩ በላይ ደግሞ ዳንቴል ለበሰ። ዳንቴሉ በቀን ሁለት ጊዜ ይገለጣል፤ ጠዋት ሰዓት ለማየት፣ ከሰዓት በኋላ ካርታ ለመጫወት። ኃላፊው አንዷን ካርታ ለማንሣት ረጅም ጊዜ ስለሚያስቡ ፍጥነቱ አልጎደለባቸውም።

በሚቀጥለው ክፍል ቀኑን ሙሉ ደብዳቤ የምትጽፈው ሠራተኛ፣ ብርሃኑ በደከመ፣ መሐሉ ላይ መስመር በተጋደመበት ባለ17 ኢንች ስክሪን ዓይኗን እያሸች ትሠራለች። በዚያ ገንዘብ ለእርሷም ለባልደረባዋም ደህና ሞኒተር ይገዛ ነበር። ይህ አያስቅም። በቀን 8 ሰዓት ሙሉ ፊደል የሚለቅም ዓይን ባለበት ቤት፣ ዳንቴል ለማልበስ ያን ያህል የሕዝብ ገንዘብ ማውጣት ዝርፊያ ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ወደ ውዳሴው ልመለስ። አንዳንድ የጌም ቤት ባለቤቶችም ባለ144 ሄርዝ ገዝተው፣ የኮምፒውተሩን ማስተካከያ ሳይነኩ፣ ዓመቱን ሙሉ በ60 ያስኬዱታል። ምናልባት ቁጥሩ እንዳያልቅባቸው ሰስተው ይሆናል።

ለደብዳቤም ለማታ የኳስ ጌምም የሚበቃ፣ ባለ24 ኢንች፣ 75 ወይም 100 ሄርዝ አይፒኤስ በዚያው ሱቅ ጥግ ላይ ነበር። ሻጩን አብርቶ እንዲያሳየኝ ለመንሁት።

«ጋሼ፣ ካርቶኑ ከተከፈተ ማን ይገዛዋል?» አለኝ።