ሮም ላይ የሮጠው አበበ ነው
በሰሜን ሸዋ ጃቶ የተወለደው አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም ኦሎምፒክ በባዶ እግሩ ሮጦ ስላሸነፈበት ማራቶን የሚተርኩ የእንግሊዝኛ ጽሑፎች፣ ሙሉ ስሙን አንድ ጊዜ ይጠሩና ከዚያ ወዲያ «ቢቂላ ቀደመ፣ ቢቂላ ወርቅ አጠለቀ» እያሉ ይቀጥላሉ። ቢቂላ እኮ አባቱ ናቸው! በ1964 ቶኪዮ ላይ ሲደግመውም ድሉ የተጻፈው በአባትየው ስም ነው። በእንግሊዝኛ ሁለተኛው ስም ከአያት ከቅድመ አያት የሚወርድ የቤተሰብ መጠሪያ በመሆኑ፣ ብቻውን መቆሙ፣ ከ«ሚስተር» ቀጥሎ መምጣቱ፣ አልፎም «ኤስ» ተጨምሮበት መላውን ቤተሰብ መጥራቱ የቋንቋው ደንብ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። እኛ ዘንድ ግን «አቶ» የሚቀድመው የባለቤቱን የራሱን ስም ነው።

በቅርቡ ከውጭ አገር መሥሪያ ቤት የተላከልኝን ደብዳቤ ደብረ ብርሃን ተቀምጬ ስከፍተው፣ ማመልከቻው ውድቅ ተደርጎበታል የተባለው አባቴ ሆኖ አገኘሁት፤ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አባቴ በዘመናቸው ከአንኮበር ገበያ አልፈው የሄዱ ሰው አልነበሩም። ባለቤቴ ደግሞ የአባቴን ስም ስላልያዘች «በእርግጥ ተጋብታችኋል?» ተብለን ተጠየቅን። እርሷስ አባት የላትም እንዴ?