ዝገው ነበር፣ ጣልኳቸው

ሦስት ሳምንት ሆኖኛል ይሄን ነገር ሆዴ ውስጥ ይዤው ስዞር። ሥራ ቦታ ትዝ ይለኛል፣ መኪና እየነዳሁ ትዝ ይለኛል፣ ማታ ቤዝመንት ወርጄ ማሽኑን ሳየው ደግሞ እንደ አዲስ ያንገበግበኛል። ስለዚህ ዛሬ ልጽፈውና ይውጣልኝ። ረጅም ነው፣ ጊዜ የሌለው ይለፈው፣ ግን የሰው ዕቃ እየተቀበለ የሚጠግን ሰው ካለ በናታችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

የባለቤቴ አባት አሜሪካዊ ናቸው፣ ነበሩ ልበል እንግዲህ፣ አምና ነው ያረፉት። በወጣትነታቸው የባህር ኃይል ወታደር ሆነው ጃፓን ዮኮሱካ ያለው ቤዝ ተመድበው ነበር፣ እና እ.ኤ.አ. በ1974 ወደ አሜሪካ ሲመለሱ ከሌላው ጓዛቸው ጋር አንድ የፓቺንኮ ማሽን ይዘው መጡ። እዚህ ሜሪላንድ ቤታቸው ውስጥ 50 ዓመት ገደማ ኖረ። ባለቤቴ ያደገችው እሱን ስትጫወት ነው፣ ልጆቼም እንደዛው፣ ሊሞቱ ሰሞን ደግሞ እኔን ጠርተው «ይሄን አንተ ውሰደው፣ አንተ የዕቃ ነገር ይገባሃል» አሉኝ። ሌላ ልጅ አላቸው እኮ፣ ሌላ አማችም አላቸው፣ ለኔ ነው የሰጡኝ። ይሄን አደራ ስቀበል ምን እንደተሰማኝ የኛ ሰው ያውቀዋል፣ ማብራራት አያስፈልገኝም።

ፓቺንኮ ላልሰማችሁ፣ ቁመቱ ከ80 ሴንቲ ሜትር ትንሽ የሚያልፍ ሳጥን ነው፣ ቆሞ ነው የሚቀመጠው፣ ፊቱ መስታወት ነው፣ ከመስታወቱ ኋላ ሰሌዳው ላይ በመቶ የሚቆጠሩ የናስ ምስማሮች ተመተዋል። ከታች በስተቀኝ ያለውን ማንሻ በአውራ ጣት ወደ ታች ተጭነህ ለቀቅ ስታደርገው አንዲት የብረት ብይ ወደ ላይ ትወረወራለች፣ ከዛ በምስማሮቹ መሀል እየተንጫጫች ትወርዳለች፣ ስሙም የመጣው ከዚሁ ከድምፁ ነው። እድለኛ ከሆንክ ከቀዳዳዎቹ ወይም ቱሊፕ ከሚባሉት እንደ አበባ ከሚከፈቱት ነገሮች አንዱ ውስጥ ትገባለች፣ ስትገባ ከኋላ ያለውን ሚዛን የመሰለ ብረት ታጋድለውና 15 ብይ ዝርግፍ ብሎ እሳህኑ ላይ ይወርዳል። ያ ድምፅ! ቤት ሙሉ ነው የሚሰማው። ደግሞ ሞተር የለው ምን የለው፣ ሁሉም ነገር የሚሠራው በብይዋ ክብደትና በሞላ ነው፣ የኛ ማሽን ላይ ኤሌክትሪክ የሚፈልጉት አምፖሎቹ ብቻ ናቸው። ብይዋ 11 ሚሊ ሜትር ናት፣ ክብደቷ 5 ግራም ተኩል ገደማ። ይቺን ቁጥር ያዙልኝ።

«ቤትህ ውስጥ ቁማር?» ያላችሁኝ ዘመዶቼ ደግሞ፣ አይደለም። ጃፓን ውስጥ ራሱ አዳራሹ ብዩን በገንዘብ እንዲቀይር ሕጉ አይፈቅድለትም፣ ሰዉ በዕቃ ይቀይርና ዕቃውን ከአዳራሹ ውጪ ሌላ መስኮት ላይ ወስዶ ይሸጠዋል፣ ያ የነሱ ጉዳይ ነው። አማቴ ቤት ግን ያሸነፈ ልጅ የእሁድ ራት ምን እንደሚሆን ይመርጣል፣ በቃ ይኸው ነው ቁማሩ። የልጆቼ እጅ ቆጠራ የለመደው በነዛ ብዮች ነው።

እሺ ወደ ብሶቴ ልምጣ። ማሽኑ ሲደርሰኝ አርጅቷል፣ ብዩ ዝጓል፣ ግራ በኩል ያለው ቱሊፕ ከተከፈተ አይዘጋም፣ ብይ ከላይ ሲሞላም መንገድ ላይ ይቆማል። እኔ የዚህ ማሽን ልምድ የለኝም፣ ስለዚህ የማላውቀውን አልነካም ብዬ፣ አደራ ነው ብዬ፣ የድሮ የጌም ማሽን እጠግናለሁ የሚል ሰው አፈላልጌ ወሰድኩለት። ስሙን አልጠራም፣ የስም ማጥፋት ሥራ ውስጥ አልገባም። ከነብዮቹ ነው ያስረከብኩት፣ 340 ዶላር ተስማማን፣ አራት ወር አቆየው፣ ስደውል «እየሠራሁት ነው»፣ ቴክስት ስልክ «ሊያልቅ ነው»፣ ከዛ አንድ ቀን ና ውሰድ አለኝ።

ሄድኩ። ከሩቅ ሲታይ ያበራል፣ እውነቴን ነው፣ ያበራል። ልቤ ሞቅ አለ። ቤት አምጥቼ ልጆቹን ጠራሁ፣ ትልቋ የመጀመሪያዋን ብይ ወረወረች፣ ብይዋ ወርዳ ወርዳ መሀል ላይ ቀጥ። ሁለተኛዋ መስታወቱን ጠቅ አድርጋ ወረደች። ሦስተኛዋ ከነጭራሹ ከላይ ካለው መንገድ አልወጣችም። ልጄ ሳህኑ ላይ ያሉትን ብዮች እያየች «ባባ፣ እነዚህ የግራንድፓ አይደሉም» አለችኝ።

አየኋቸው። አይደሉም። አዲስ ናቸው፣ የሚያብለጨልጩ፣ ምንም ያልተጻፈባቸው። የአማቴ ብዮች ላይ ምልክት ነበረባቸው፣ ጃፓን ውስጥ አዳራሾቹ ብያቸው ከሌላው አዳራሽ እንዳይቀላቀል ምልክታቸውን ያስቀርጹበት ነበር፣ የሳቸው ላይ ሦስት ቅጠል የመሰለ ነገርና አጠገቡ አንድ የጃፓን ፊደል ነበረ። ሰውዬው ጋ ደወልኩ። «ዝገው ነበር፣ ጣልኳቸው። አዲስ ገዝቼ ነው የሞላሁልህ» አለኝ። እንደ ውለታ ነው የነገረኝ! የት ጣልካቸው አልኩት፣ ከወር በፊት ነው አለኝ፣ ቆሻሻ መኪናው ወስዶታል።

ኧረ ወገን፣ ዝገት እኮ ይለቃል! ኮምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፈህ፣ አጥበህ፣ ቶሎ አድርቀህ፣ አሮጌ ጅንስ ሱሪ እግሩን ቆርጠህ ሁለቱን ጫፍ አስረህ እሱ ውስጥ ብታመላልሳቸው ይጠራሉ፣ እንደ አዲስ አያበሩም ግን ይሠራሉ፣ ምልክታቸውም ይነበባል። የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው። ደውሎ «ብዩን ልጣለው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ደግሞ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

አባቴ ደሴ ፒያሳ ራዲዮ ጠጋኝ ነበር። የኔ ንዴት ምንጩ እሱ ጋ ነው መሰለኝ። ራዲዮ ሲፈታ ነጭ ጨርቅ ዘርግቶ ብሎኖቹን በፈታበት ቅደም ተከተል ይደረድራቸው ነበር፣ እኛ ልጆቹ እዛ ጨርቅ አጠገብ ማስነጠስም አይፈቀድልንም። እና የተቃጠለ ዕቃ ሲቀይር አሮጌውን በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ጫፉን በክር አስሮ፣ ከራዲዮው ጋር ለባለቤቱ ይመልሳል። የተቃጠለ ነው፣ ለምንም አይሆንም፣ ባለቤቱም ወጥቶ ይጥለው ይሆናል፣ ግን ባለቤቱ ነዋ የሚጥለው! «እኔ የተከፈለኝ ለመጠገን ነው፣ የሰው ንብረት ለመጣል አይደለም» ይል ነበር። ደሴ ላይ፣ በኩራዝ መብራት ሳይቀር የሚሠራ ሰው ይሄን ካወቀ፣ እዚህ በሙሉ ወርክሾፕ ውስጥ ያለ ሰው እንዴት ያቅተዋል?

ብዩ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ኋላውን ከፍቼ በባትሪ ሳየው ሁሉም ቦታ የሚረጭ ዘይት ነፍቶበታል። የፓቺንኮ መንገድ ደረቅ ነው መሆን ያለበት፣ ዘይት አቧራ ይይዛል፣ ብዩ አቧራውን እያሸ ያልፋል፣ ከዛ ጥቁር ማጣበቂያ ይሆናል፣ ለዛ ነው ብይ የሚቆመው። ሰሌዳውን ደግሞ በአሴቶን፣ የጥፍር ቀለም በሚያስለቅቀው ፈሳሽ፣ ወልውሎታል። ሰሌዳው ኮምፔርሳቶ ነው፣ ላዩ ላይ ግን ሥዕሉን የያዘ ሴሉሎይድ የሚባል ስስ የድሮ ፕላስቲክ አለ፣ ሴሉሎይድን አሴቶን ያሟሟዋል፣ ከታች በግራ በኩል የነበረው ቀይ አበባ አሁን በውሃ የራሰ የልጅ ሥዕል ነው የሚመስለው። ያ አይመለስም፣ ዕድሜ ልኩን እንደዛ ነው።

ምስማሮቹ። እዚህ ላይ ነው ቁጭ ብዬ ራሴን የያዝኩት። የፓቺንኮ ምስማር ቀጥ ብሎ አይመታም፣ ጭንቅላቱ ትንሽ ወደ ላይ ቀና ይላል፣ ብይዋ ወደ መስታወቱ ሳትንሸራተት ሰሌዳውን ተጠግታ እንድትወርድ ነው። ጃፓን ውስጥ ኩጊሺ የሚባሉ የምስማር ባለሙያዎች ነበሩ፣ ማታ አዳራሹ ሲዘጋ በትንሽ መዶሻ እያንዳንዱን ምስማር ጠቅ ጠቅ እያደረጉ ያስተካክላሉ፣ ከሚሊ ሜትር ያነሰች ልዩነት ናት ማሽኑ ለጋስ ይሁን ንፉግ የምትወስነው። የሰው ሙያ ነው ይሄ፣ ስንት ዓመት የሚለመድ። ሰውዬው ግን ምስማሮቹ የተጣመሙ መስሎት በፒንሳ አንድ በአንድ ቀጥ አድርጓቸዋል። የፒንሳው ጥርስ ናሱ ላይ ታትሞ ይታያል። በጣቴ ስዳስሰው ይቧጥጠኛል።

ትልቋ ልጄ ያኔ ክፍሏ ገብታ የእርሳስ መያዣዋን ይዛ መጣች፣ ውስጡ አንድ ብይ አለ። የአያቷ ብይ። ዱሮ ሳታስፈቅድ ወስዳ ደብቃው ኖሮ እቆጣለሁ ብላ እየፈራች ነው የሰጠችኝ፣ 9 ዓመቷ ነው፣ አቅፌያት ምንም ማለት አቃተኝ። ካሊፐር አውጥቼ ለካሁት፣ 11.00። የሰውዬውን አዲሱን ብይ ለካሁት፣ 11.11። ነገሩ ገባኝ፣ ከኩሽኔታ ሻጭ ነው የገዛው፣ አሜሪካ በኢንች ስለሆነ 7/16 ኢንች ሲቀየር 11.11 ሚሊ ሜትር ይመጣል። አንዳንዱ ማሽን ይሄን ይችለው ይሆናል፣ የኛ ከላይ ያለው መንገድ ግን በዕድሜ ብዛት ጠቧል መሰለኝ አይችለውም፣ አንዷ ስትገባ የኋላዋ ትሰነቀራለች። በፀጉር ስፋት ነው አራት ወርና 340 ዶላር ገደል የገባው።

ደውዬ ይሄን ሁሉ ነገርኩት፣ በትህትና ነው የነገርኩት እመኑኝ። መልሱ «50 ዓመት የሞላው አሻንጉሊት ነው፣ ምን ጠብቀህ ነበር?» ነው። ይቺ «ምን ጠብቀህ ነበር» የምትባል ንግግር ናት የገደለችኝ። ታሪኩን ብታውቁ እኮ፣ ያኔ አዳራሾቹ አዲስ ሞዴል ሲመጣ አሮጌውን ያስወግዱ ነበር፣ የተወገዱት በርካሽ በመርከብ እየተጫኑ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሜሪካ ድረስ መጥተው ተሸጠዋል። ማለት ይሄ ማሽን አንዴ ተጥሎ ያውቃል፣ አንድ ወጣት ወታደር ነው ከተጣለበት አንስቶ 50 ዓመት ያቆየው። እና ለሁለተኛ ጊዜ የሚጠግነው ሰው እጅ ላይ ሲጣል ዝም ልበል?

ኦንላይን ያለውም አያስተኛም። «ሙሉ በሙሉ የታደሰ» ብለው የሚሸጡትን ዕቃ ሥዕሉን ትልቅ አድርጋችሁ እዩት፣ ቫርኒሽ ቀብተው ኋላውን አያሳዩም። ኋላውን አሳየኝ ብዬ የጻፍኩላቸው አራት ሰዎች አልመለሱልኝም። ቱሊፕ ለመግዛት ከጃፓን ማስመጫው ከዕቃው ዋጋ በላይ ነው፣ እሱንስ እሺ።

አሁን ራሴ ይዤዋለሁ። ማታ ማታ ልጆች ሲተኙ እወርዳለሁ። ዘይቱን በጥጥ እያጸዳሁ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ፣ ጨርሻለሁ። ምስማሮቹን ለመመለስ ድሮ እንዴት እንደነበሩ ማወቅ ነበረብኝ፣ ባለቤቴ የድሮ አልበም ውስጥ የልደቷን ፎቶ አገኘች፣ ኬክ እየቆረሰች ከኋላዋ ማሽኑ ይታያል። ፎቶውን ስካን አድርጌ አተልቄ እሱን እያየሁ፣ የልጄን ብይ በሁለት ምስማር መሀል እያሳለፍኩ፣ አንድ በአንድ ቀና አደርጋቸዋለሁ። በአንድ ማታ 12 ከሠራሁ ጥሩ ማታ ነው። ናስ ብዙ ጊዜ ከተጣመመ ይሰበራል፣ እስካሁን ሁለት ተሰብረውብኛል፣ ሁለቱንም በወረቀት ጠቅልዬ አስቀምጫቸዋለሁ።

የቸገረኝ ብዩ ነው። 11 ሚሊ ሜትር የሆነ የድሮ ብይ እዚህም ይገኛል፣ ግን የሌላ አዳራሽ ነው፣ ምልክቱ ሌላ ነው። ጃፓን ያላችሁ ወገኖቼ፣ ቶኪዮ ካትሹሺካ አካባቢ ሀበሻ እንዳለ አውቃለሁ፣ ዮኮሱካ ከናንተ ሩቅ አይደለም፣ በባቡር የሚኬድ ነው። የአሮጌ ዕቃ ገበያ ስትሄዱ በቆርቆሮ የተሞላ የፓቺንኮ ብይ ካያችሁ አንዴ እጃችሁን ከታችሁ እዩልኝ፣ ሦስት ቅጠል ነው ምልክቱ፣ አጠገቡ አንድ ፊደል። አሥርም ትሁን ሃያ፣ የዛገም ቢሆን፣ በጣም የዛገም ቢሆን እገዛለሁ፣ የፖስታውንም እችላለሁ። ልጄ ያለችንን አንዷን ናሙና አድርጌ አልልክም፣ ፎቶዋን ግን ከየአቅጣጫው አንስቼዋለሁ፣ የጻፈልኝ ሰው ዛሬውኑ ይደርሰዋል።