ከክንዱ በፊት ጭንቅላቱን እዩ

«የሐዋሳ ልጅ ዋና በብር ይማራል እንዴ? ሐይቁ ያስተምረው የለ!» ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ሆቴሎች የልጆች ዋና ኮርስ ማስታወቂያ ሲለጥፉ ይህን የሚል ሰው አይጠፋም። ቀልዱ ደስ ይላል። ሐይቁ ያስተማራቸውን ልጆች ግን ቀረብ ብላችሁ እዩአቸው።

አሞራ ገደል አካባቢ ከጀልባ ላይ ዘለው የሚገቡት ልጆች ድፍረታቸው ያስቀናል። ሲዋኙ ግን አንገታቸው እንደተገተረ ነው። እጃቸው ውሃውን ይደበድባል፣ እግራቸው ወደ ታች ይሰምጣል። ትንሽ ሄድ እንዳሉ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ሐይቁ ራሱም በነፃ አያስተምርም። ዳርቻው ላይ ቢልሃርዚያ አለ። ጉማሬም አለ፤ እሱ ደግሞ ጨዋታ አያውቅም።

ነገሩ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ሪፖርት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ዙሪያ 300,000 ያህል ሰዎች ሰጥመው ሞተዋል። ከአራቱ አንዱ ገደማ 5 ዓመት ያልሞላው ሕፃን ነው። ድርጅቱ ከሚመክራቸው መከላከያዎች አንዱም ለትምህርት ቤት ልጆች መሠረታዊ ዋና ማስተማር ነው። ስለዚህ እኔ ከሚከፍሉት ወላጆች ጎን ነኝ። ጠቤ የምንከፍለው ለምንድን ነው በሚለው ላይ ነው።

አሰልጣኝ ስናገኝ የምንጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ «በስንት ቀን ያሻግሯታል?» አሰልጣኙም ገበያውን ያውቃል። በአንድ ሆቴል ገንዳ ዳር ያየሁትን ልንገራችሁ። ስድስት ዓመት የሚሆናት ልጅ ናት። አሰልጣኙ በደረቁ፣ ገንዳው ዳር ዳሩን እየሄደ «በርቺ! ምቺ! ምቺ!» ይላል። ልጅቷ አገጯን ሽቅብ ሰቅላ፣ አፏን ከፍታ፣ ብስክሌት እንደሚነዳ ሰው ጉልበቷን እያጠፈች ትፍጨረጨራለች። እናት ትቀርጻለች። ደረሰች። ጭብጨባ! ቪዲዮው ወዲያው ወደ ቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ሄደ። ልጅቷ ግን የገንዳውን ጠርዝ ሙጭጭ አድርጋ ይዛ ታስላለች።

ይቺ ልጅ ተሻገረች እንጂ ዋና አልተማረችም። ጭንቅላት ወደ ላይ ሲነሳ ዳሌ ወደ ታች ይወርዳል። ዳሌ ከወረደ እግር ይሰምጣል። ያን ጊዜ ልጁ የሚታገለው ወደፊት ለመሄድ ሳይሆን ላለመስጠም ነው። ፊት ውሃው ውስጥ ሆኖ ዓይን ወደ ገንዳው ወለል ሲያይ ግን ሰውነት በራሱ ይዘረጋል። እግር የሚመታውም ከጉልበት ሳይሆን ከዳሌ ነው፤ ቁርጭምጭሚት ላላ ብሎ።

ትልቁ ችግር ትንፋሽ ነው። ብዙ ልጆች ውሃ ውስጥ ትንፋሻቸውን አምቀው ይይዙና ቀና ሲሉ ማስወጣቱንም ማስገባቱንም ባንዴ ለመጨረስ ይሞክራሉ። ጊዜው አይበቃም። ውሃ ይገባል፣ ድንጋጤ ይመጣል። ትክክለኛው መንገድ አየሩን ውሃው ውስጥ እያሉ በአፍና በአፍንጫ አረፋ እያደረጉ ማስወጣት፣ ከዚያ ጭንቅላትን ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን አዙሮ መሳብ ነው። አንዱ ጆሮ ውሃው ውስጥ ይቀራል።

ለዚህ ነው ጥሩ አሰልጣኝ መጀመሪያ ላይ ክንድ የማያስነካው። አረፋ ያስነፋል። በሆድም በጀርባም ያንሳፍፋል። ግድግዳውን በእግር አስገፍቶ ያለምንም እንቅስቃሴ ያንሸራትታል። ገንዳ ዳር ለተቀመጠ ወላጅ ይሄ ጨዋታ ነው የሚመስለው። «ለዚህ ነው እንዴ የከፈልኩት?» አዎ፣ በትክክል ለዚህ ነው።

ስለዚህ ልጁን ከማስመዝገባችሁ በፊት ብቻችሁን ሄዳችሁ አንድ ክፍለ ጊዜ ተቀምጣችሁ እዩ። አሰልጣኙ ከትንንሾቹ ጋር ውሃው ውስጥ ነው ወይስ ዳር ቆሞ ይጮሃል? ስንት ልጅ ይዟል? በዚህ ዕድሜ ለአንድ ሰው አምስት ስድስት ልጅ ራሱ ብዙ ነው። የአንዱን ልጅ እግር ይዞ ያስተካክላል ወይስ ለሁሉም ባንዴ «ምቱ» ይላል? ራሱ ጎበዝ ዋናተኛ መሆኑ ብዙም አያስደንቃችሁ፤ ማስተማር ሌላ ሙያ ነው። ክንድ ላይ የሚታሰረውን ፊኛም አትውደዱት። ልጁን ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል፣ ዋና የሚፈልገው ደግሞ መተኛትን ነው። «አንዴ ጥልቁ ውስጥ ልጣለውና ፍርሃቱ ይለቀዋል» የሚል ካጋጠማችሁ ፎጣችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ቅደም ተከተሉንም ጠይቁ። ፍሪስታይል (በሆድ ተኝቶ ክንድ እያፈራረቁ የሚዋኙት) እና የጀርባ ዋና ይቀድማሉ። የደረት ዋና የእግሩ አመታት ለትንንሾች ስለሚከብድ ቆየት ቢል ይሻላል። ቢራቢሮ፣ ሁለቱን ክንድ ባንዴ ወደፊት እየወረወሩ የሚዋኙት፣ ይቆይ። የአምስት ዓመት ልጅ ቢራቢሮ ሲዋኝ ካሳዩአችሁ ለማስታወቂያ ነው። ዕድሜን በተመለከተ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ አብዛኞቹ ልጆች በ4 ዓመታቸው ለዋና ትምህርት ዝግጁ ናቸው ይላል። ቢማሩም ግን ዓይን አይነቀልባቸውም። የሚሰጥም ልጅ አብዛኛውን ጊዜ አይጮህም።

በነገራችን ላይ፣ የእኛው ዋናተኛ ሮቤል ኪሮስ በሪዮ 2016 ኦሎምፒክ በ100 ሜትር ፍሪስታይል 59ኛ ሲወጣ ስንት ቀን ሳቅን? በስሙ ያልተቀለደ ቀልድ የለም። የእኛ ልጆች የት ገብተው ነው በሥርዓቱ የሚማሩት ብሎ የጠየቀ ግን እምብዛም አልነበረም።

የሐዋሳ ሆቴሎች ገንዳ አላቸው። ችግሩ ሰዓቱ ነው። ኮርሱ ቅዳሜና እሁድ ይሆንና ከእንግዳው፣ ከልደት በዓሉና ከስፒከሩ ጋር ይጋፋል። አሰልጣኙ ቢናገር ማን ይሰማዋል? በሥራ ቀን ጠዋት ግን ያው ገንዳ ባዶውን ይውላል። ጥልቀት የሌለውን ጥግ በገመድ ከልሎ ለልጆች መስጠት ሆቴሉን ምንም አያከስረውም። ለትንንሾች ግማሽ ሰዓት ይበቃል፤ የሐምሌ ጠዋት ውሃው ስለሚቀዘቅዝ ከንፈራቸው ከጠቆረ ደግሞ ከዚያም በፊት ይውጡ። ክፍያው ከከበደ አራት ወላጆች ሆናችሁ አንድ አሰልጣኝ ያዙ። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ይሁንልን ብላችሁ ሥራ አስኪያጁን ብትጠይቁት እምቢ የሚል አይመስለኝም። የሙዚቃውን ነገር ግን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።