ይድረስ ለክቡር ጀርባ

ለ፦ ስዕል ቁጥር 7 ፊት ለዋሉት ክቡር ጀርባ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ያዩትን እንዲነግሩን ስለመጠየቅ

ክቡር ጀርባ ሆይ፣

ይህን ደብዳቤ ለባለቤትዎ ያልጻፍኩት በምክንያት ነው። (ባለቤትዎ ስል የሚሸከሙዎትን ሰውዬ ማለቴ ነው፤ የቤት እመቤቷን በዚህ ነገር አላስገባም።) የእሳቸው ፊት ምሽቱን ሙሉ ወደ እኛ ነበር። ሲስቅ፣ ሲያወራ፣ ሳምቡሳ ሲያላምጥ አይተነዋል፤ ስለ ስዕሉ የሚያውቀው ነገር የለም። ቁጥር 7ን በስዕል ዐውደ ርዕዩ መክፈቻ ምሽት ከአንድ ጣት ርቀት ላይ ሆኖ አንድ ሰዓት ከሩብ ሙሉ ያየ ቢኖር እርስዎ ብቻ ነዎት። እኛ ስላልቻልን እርስዎን ለምስክርነት ጠራን።

እኔ እዚሁ ሐዋሳ ታፔላ ጸሐፊ ነኝ። የባጃጅ ጀርባ ላይም ጥቅስ እጽፋለሁ። እጽፍ ነበር ማለት ይሻላል፣ ስቲከር መጥቶ እንጀራችንን ሳይነጥቀን። በባጃጅ ዓለም ቁም ነገር ያለው ጀርባ ላይ ነው፤ የባጃጅ ፊት አይቶ የሚያስታውስ ሰው የለም። እርስዎን በቀጥታ ለማናገር የደፈርኩትም ለዚሁ ነው።

ያስታውሱት እንደሆነ የጥሪ ካርዱ የሚለው 10 ሰዓት ነው። የክብር እንግዳው ሲደርሱ 12 ከሩብ ሆኗል። እስከዚያ ድረስ ሪባኑን ማለፍ ነውር ስለሆነ በሆቴሉ ሣር ላይ ቆመን ቆየን። ከሐይቁ የተነሣው ትንኝ በየመብራቱ ዙሪያ፣ እኛ በየቆሎው ሳህን ዙሪያ ተሰበሰብን። የመድረክ መሪው «የክብር እንግዳችን መንገድ ላይ ናቸው» ሲል ሰባት ጊዜ ቆጥሬያለሁ። ንግግሩን ልለፈው፤ ሌላ ቦታ የሰሙት ነው። ከዚያ ሪባኑ ተቆረጠ። ሁለቱ ጫፎች መሬት ሳይነኩ ባለቤትዎ ቁጥር 7 ጋ ደርሰው፣ ዞረው ቆመዋል።

ዞረው! ከሁለት ሰዓት በላይ የጠበቁት ስዕል ጋ ደርሰው ዞሩ። ፊታቸው ወደመጡበት ሕዝብ።

አሁን ትንሽ የሙያ ነገር ላንሳ። ስዕል ሲሰቀል መሃሉ ከወለሉ 150 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ እንዲውል ይደረጋል፤ የቆመ ሰው ዓይን እዚያ አካባቢ ስለሚያርፍ ነው። ሜትር ይዤ፣ በእርሳስ ምልክት እያደረግሁ፣ በውኃ ልክ እያስተካከልኩ 22ቱንም ስዕሎች ከሰዓሊዋ ጋር የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ያላሰብነው ነገር 150 ሴንቲ ሜትር ልክ የባለቤትዎ ትከሻ መሆኑን ነው። ቁጥር 7 ወርዱ 60፣ ቁመቱ 80 ሴንቲ ሜትር ነው፤ እርስዎ ተለክተው እንደተሰፉ ልክክ አሉበት። ከላይ የቀረችውን ጭንቅላታቸው ጨረሳት።

ጠጋ ብዬ «ይቅርታ ጋሼ፣ ትንሽ ፈቀቅ ቢሉልኝ» አልኳቸው። ሳያዩኝ ባዶ ብርጭቋቸውን እጄ ላይ አስቀመጡና «ቀይ ይሁን» አሉኝ። ምን ላድርግ፣ ቀይ ወይን አምጥቼ ሰጠኋቸው። አመሰገኑኝ። ፈቀቅም አሉ፣ ግማሽ እርምጃ፤ ወደ ኋላ።

ተስፋ የቀረልኝ ሰላምታችን ነበር። ቀኝ ትከሻ፣ ግራ ትከሻ፣ ደግሞ ቀኝ። አንድ ወዳጅ «ጠፋህ እኮ!» እያለ በመጣ ቁጥር ባለቤትዎ ጎንበስ ብለው ወደ ፊት ይሄዱና ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። በሄዱባት ቅጽበት በስተግራ መዳፍ የምታህል ሰማያዊ ታየችኝ። ሐይቁ መሆኑ ነው። ሌላ ወዳጅ እስኪመጣ ጠበቅሁ። በሁለተኛው ሰላምታ የጀልባ አፍንጫ የመሰለ ነገር አየሁ። በሦስተኛው ጥቂት ደንገል። እንዲህ በትከሻ ሰላምታ እየተቆራረጠ ስዕሉን ልገጣጥመው ስታገል ጀልባው ላይ ሰው ይኑር አይኑር ሳላውቅ ቀረሁ። አራተኛው ወዳጅ እየመጣ ሳለ ስልክ ተደወለለትና እያወራ ወጣ።

ቆሜ ከምቀር ወሬያቸውን ሰማሁ። ባለቤትዎ በአዲስ አበባ ኦፕኒንግ የሚያመልጣቸው ሰው አይደሉም፤ የትኛው ጋለሪ ወይኑ እንደሚቀዘቅዝ፣ የትኛው ጋ ቺዝ እንደሚቀርብ ሲናገሩ በወጉ ያውቁታል። ወደ ስዕሉ ሲመጡ ነው ነገር የተበላሸው። በዙሪያቸው ለቆሙት ልጆች የአፍሪካ አዳራሽን ባለቀለም መስታወት አንሥተው ለእስክንድር ቦጎሲያን ሰጡት። ያ የአፈወርቅ ተክሌ ነው። እስክንድር የሰው መስታወት አያሻውም፤ በ1964 እ.ኤ.አ. የሠራው «የጁጁ ሠርግ» ኒው ዮርክ፣ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። የአፈወርቅ መስታወት ደግሞ 150 ካሬ ሜትር ነው፤ ብርሃን ከኋላው ሲገባ ነው የሚያምረው። ክቡር ጀርባ፣ እርስዎ ሊከልሉት ያልቻሉት ሥራ ቢኖር እሱ ሳይሆን አይቀርም። ሠሪው የጠፋባቸው ለዚህ ይሆን?

ቀጥሎ ቬኒስ መጣ። ኢትዮጵያ በ2024 እ.ኤ.አ. በቬኒስ ቢዬናሌ (ጣሊያን ውስጥ በሚካሄደው ዓለም አቀፍ የጥበብ ዐውደ ርዕይ) ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ማሳያ ከፍታ የተስፋዬ ኡርጌሳን ሥራዎች አቅርባ ነበር። ባለቤትዎ ሄደው አይተዋል። ማስረጃውን ከስልካቸው አውጥተው ለልጆቹ ሲያሳዩ እኔም በሰው ትከሻ ላይ አሾልቄ ተመለከትኩ። መሃል ላይ እሳቸው፤ ከቀኝ ጆሯቸው አጠገብ ትንሽ ቀለም። ያኔ ገባኝ። ቬኒስንም ያዩት እርስዎ ነዎት።

በነጋታው አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው ዓሣ ገበያ ሄድኩ። ጥሬ ዓሣዬን በዳጣ እየነከርኩ አባ ኮዳዎቹን፣ እነዚያን ትልልቅ ወፎች፣ አያለሁ። ከኋላ ሲያዩዋቸው ካፖርት ደርቦ ስብሰባ የሚጠብቅ ሹም ይመስላሉ፤ አቋቋማቸው ቁርጥ መክፈቻ ምሽት ነው። ግን አንዱም ዓሣ አጥማጁ አንጀት ሲወረውር ጀርባውን ሰጥቶ ከጎረቤቱ አባ ኮዳ ጋር ሲያወራ አላየሁም። ሁሉም ፊታቸው ወደ ዓሣው ነው።

እኔስ ንጹሕ ነኝ? አይደለሁም። ሳምቡሳው ሲዞር ቁጥር 8ን ተደግፌዋለሁ ማለት ይቻላል። ቁጥር 8 ግን አክሪሊክ ነው፤ ወዲያው ይደርቃል። ቁጥር 7 ዘይት ቀለም ነው። ዘይት ቀለም ደግሞ እንደታጠበ ልብስ ውኃው ተንኖ አይደርቅም። የታሸበት የተልባ ዘይት ከአየሩ ኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ቀስ በቀስ ነው የሚጠጥረው፤ ስስ ሲሆን ቀናት፣ በቢላ ሲመረግ ሳምንታትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። ሰዓሊዋ ሐይቁን በቢላ መርጋ የጨረሰችው በዋዜማው፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ነው። ከሥሩ «አልደረቀም፣ አይንኩ» የሚል ወረቀት በእጄ ጽፌ ለጥፌ ነበር፤ የታፔላ ሰው ጽሕፈት ስለሆነ ከሩቅ ይነበባል። ወረቀቱም ከእርስዎ ኋላ ዋለ።

ባለቤትዎ ሲወጡ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ በአካል ያየሁዎት። ግራጫ ኮት ለብሰዋል። ከታች መሃሉ ላይ ስንጥቅ አለ፤ ስንጥቁን ከፋብሪካ ሲወጣ በኤክስ ቅርጽ የተጣለበት ነጭ ክር እስካሁን ጠፍሮ ይዞታል። ያ ክር ኮቱ ሲገዛ የሚቆረጥ ነበር። ሪባን የተቆረጠበት መቀስ በሩ አጠገብ ጥልፍ ትራስ ላይ ተቀምጦ ነበርና አንሥቼ ልከተልዎት ምንም አልቀረኝ። ከክሩ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ሰማያዊውን ሳይ ግን መቀሱን ተውኩት።

ማክሰኞ ጠዋት አዳራሹ ባዶ ነበር። ጥበቃው በሩ ላይ ሻዩን ይጠጣል። ቁጥር 7ን ሙሉውን አየሁት። ደንገሉ አለ፤ ጀልባው አለ። ከጀልባው በላይ ግን ቀለሙ ተልጦ የሱፍ ጨርቅ ሽመና እንደ ማኅተም ታትሞበታል። ሰዓሊዋን «ጀልባው ላይ ሰው ነበር እንዴ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ነበር» አለችኝ።

ስለዚህ፣ ክቡር ጀርባ፣ ያ ዓሣ አጥማጅ እርስዎ ጋ ነው። በዚያ ምሽት ከ22ቱ ስዕሎች ቀይ ነጥብ (ተሸጧል ማለት ነው) የተለጠፈበት አንድም አልነበረም። ሥራ ይዘው የወጡ እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ያውም ሳይከፍሉ። ሰዓሊዋ አልተቆጣችም፤ ስዕሉን ላድሰው ስላት እምቢ ብላ የመግለጫ ወረቀቱን አስቀየረችኝ። አሁን እንዲህ ይላል፦ «ዘይት ቀለም፣ በሸራና በኮት ላይ።» ኮቱ እስኪመጣ ከጎኑ አንድ ሚስማር መትቻለሁ፤ ከወለሉ 150 ሴንቲ ሜትር ላይ።

ዐውደ ርዕዩ እስከ እሑድ ይቆያል።

ከሰላምታ ጋር (ከሩቁ፣ ትከሻ ሳይነካካ)

ግልባጭ፦
ለባለቤትዎ ላውንደሪ፣ ኮቱ ከደረሳቸው እንዳይነኩት
ለስዕል ቁጥር 8፣ ስለ ሳምቡሳው ይቅርታ