ሪሞት ጨብጠው ለጸኑ አባወራዎች የቀረበ ውዳሴ

ደብረ ብርሃን ላይ ማታ ብርዱ አጥንት ድረስ ሲዘልቅ በየቤቱ አንድ ዘብ ይቆማል። ይቆማል ስል ይጋደማል ማለቴ ነው፤ ጋቢ ደርቦ፣ እግሩን ብርድ ልብስ ውስጥ ቀብሮ፣ በአንድ እጁ የገብስ ቆሎ፣ በሌላው ሪሞት። ቀን ዳንቴል ለብሶ የዋለው ቴሌቪዥን ተገልጧል። ከበላዩ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ "ንጹሕ የሆነውን ነገር ሁሉ፣ ፍቅር ያለበትን ነገር ሁሉ…" የሚለው የፊልጵስዩስ መልእክት ቃል በደማቁ ታትሟል። "እኛ ቤት ያገኙትን ማየት የለም፤ የክርስቲያን ቤት ስለሆነ ተመርጦ ነው የሚታየው" ይላሉ አባወራው። እግዜር ይስጣቸው። ሁሉም የአገር ሥነ ምግባር ተበላሸ እያለ ሲያላዝን ሪሞት ጨብጠው የጸኑት እሳቸውና መሰሎቻቸው ናቸው፤ ምስጋናው እስከ ዛሬ የዘገየባቸው በእኛ ስንፍና ነው።

መጀመሪያ ፍጥነታቸው ይወደስ። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ጀምሮ የቱርክ ድራማ በአማርኛ አፉን ከፈታ ወዲህ የእሳቸው ሥራ በዝቷል። ሙዚቃው ሲለዝብ ያውቃሉ። ተዋናዩ አንገቱን ዘንበል፣ እሷም ዓይኗን ስልምልም ስታደርግ የቆሎው እጅ ባለበት ይቆማል። ከንፈር ከከንፈር ሊደርስ ስንዝር ሲቀረው፣ ቀጭ! ዜና። ዜናው ላይ የሆነ አገር ሕንፃ ተደርምሶ ሬሳ በቃሬዛ ይወጣል። ቤተሰቡ "ኧረ በስመ አብ!" ብሎ ቆሎውን መቆርጠሙን ይቀጥላል። አባወራው በልባቸው ቆጥረው፣ መሳሙ አልቋል ባሉበት ሰዓት ይመለሳሉ፤ ተሳስተው አያውቁም። ሲመለሱ ያቺው ሴት ለአማቷ ሻይ ውስጥ መርዝ ስትጨምር ይደርሳሉ። ይሄኔ ሪሞቱ ጉልበታቸው ላይ ያርፋል፣ ትራሱም ይስተካከላል። ችግር የለም፤ መርዝ ነው።

በሥርዓታችን ሰው ከሰው የማይሳሳመው ሰሙነ ሕማማት ላይ ነው። እሳቸው ቤት ሰሙነ ሕማማቱ ዓመቱን ሙሉ ነው። ፍሬውም ይታያል፤ ሁለተኛ ክፍል ያለችው ልጃቸው ኑዛዜ እንዴት እንደሚሰረቅ፣ የመኪና ፍሬን እንዴት እንደሚቆረጥ፣ እህት የእህቷን እጮኛ በስንተኛው ክፍል እንደምትነጥቅ ታውቃለች። ባልና ሚስት እንደሚሳሳሙ ግን አታውቅም። እንዲህ ያለ ንጽሕና ጠብቆ ማሳደግ ቀላል እንዳይመስላችሁ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ቁጥጥሩ ይብሳል። ሃምሳ አምስቱን ቀን ድራማ የሚባል አይከፈትም። በእርግጥ ከዚያ በፊት ቅበላ አለ፤ ሥጋው ቀን፣ ድራማው ሌሊት ይጠናቀቃል። የተረፈው ክፍል በልጆቹ ስልክ ዳውንሎድ ተደርጎ ፋሲካን ይጠብቅና ከዶሮው እኩል ይገደፋል። በጾሙ ሊቃውንቱ "ይጹም ዐይን፣ ይጹም ልሳን" እያሉ የሚያዜሙትን የቅዱስ ያሬድ ዜማ አባወራው በቃላቸው ይዘውታል። ጆሮም ክፉ ከመስማት ይጹም ይላልና፣ ጎረቤት ድራማ የከፈተ እንደሆነ መስኮት ያስዘጋሉ።

ታዲያ ሃምሳ አምስት ቀን ቴሌቪዥኑ ዳንቴሉን እንደለበሰ ይከርማል? አይከርምም። መንፈሳዊ ይታያል።

መንፈሳዊ ማለት፣ ለማያውቅ፣ ከዩቲዩብ የሚከፈተው አጋንንት የማስወጣት ቪዲዮ ነው። ርእሱ ላይ "ጉድ ነው! መጨረሻውን ሳያዩ እንዳይወጡ" ይላል። አንዲት ወጣት መሬት ላይ ትንከባለላለች፤ ነጠላዋ ወድቋል፣ ፀጉሯ ተበትኗል፣ ካሜራው ፊቷ ላይ ተጠግቶ የአፏን አረፋ ሳይቀር ያሳያል። የማን ልጅ ናት? ድና ወደ ሥራዋ ስትመለስ የሚያውቋት ምን ይሏታል? እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚያነሣ ሰው እምነቱ የላላ ነው። ድሮ ጻድቃኔ ማርያም ወይ ሸንኮራ ዮሐንስ ተጠምቆ የዳነ የእኛ አገር ሰው ስለቱን አግብቶ ዝም ብሎ ቤቱ ይገባ ነበር፤ ተመልካች የሚባል ነገር አልተፈጠረለትም። አሁን ቤተሰቡ በሙሉ እራቱን እየበላ ያያታል። ልጅቷ ማንንም ስላልሳመች ሪሞቱ አይነሣም።

ከዚያ ምርመራው ይጀምራል። "መቼ ገባህ? በማን በኩል ገባህ?" ጋኔኑም ስስት አያውቅ፣ "አክስቷ ናት፤ በምግብ አድርጋ" ይላል። ሰይጣን የሐሰት አባት ነው ብለን ልጆቹን ሰንበት ትምህርት ቤት አስተምረናል፤ ማታ ቀርቦ ሲመሰክር ግን መስቀለኛ ጥያቄ የሚያቀርብለት የለም። ደብረ ብርሃንን የቈረቈሩት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት) ሕዝቡ ሰይጣንን መካዱን በክንዱ ላይ ጽፎ እንዲይዝ አዝዘው እንደነበር ዜና መዋዕላቸው ይነግረናል። ንጉሡ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም ነበር፤ ሆኖም የካዱትን ሰይጣን ማታ ማታ ቃለ መጠይቅ ማድረግ እንደሚቻል አልታያቸውም። ሥርዓቱን ያሻሻልነው እኛ ነን።

ትምህርቱ ሥር ለመስደዱ ምስክር አለኝ። ከፋሲካ በኋላ የአባወራው ታላቅ እህት ጭኮ ቋጥረው ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ መጥተው ነበር። ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ ልጆቹን አገላብጠው ስመው (ይህኛውን ሪሞት ሊያስቆመው አልቻለም) ጭኮውን ፈቱና ለትንሿ ልጅ ቆርሰው ዘረጉላት። ልጅቷ እጇን ከኋላዋ ደበቀች።

"እንቺ እንጂ፣ የኔ ዓለም።"

"መጀመሪያ እርስዎ ይቅመሱት።"

አክስትየዋ ሳቁ። ዙሪያውን ሲያዩ ከእሳቸው በቀር የሚስቅ የለም። የልጅቷ እናት ቶሎ ብላ የቡናውን ረከቦት ታስተካክል ጀመር። አባወራው ግን ልጃቸውን በኩራት አዩአት፤ ያን ሁሉ ማታ ተቀምጣ ያየችው በከንቱ አልቀረም።

አመሻሹ ላይ እኚሁ አክስት ልጆቹን ሰብስበው "ተረት ተረት" ቢሉ "የላም በረት" የሚል ጠፋ። ወጉን የሚያውቅ አልነበረማ። ደግመው ሊሞክሩ ሲሉ አባወራው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እታለም፣ ጅብ የሚናገርበት ነገር ለልጅ አይሆንም። ሃይማኖት ያናጋል።" እታለምም ዝም አሉ። የመንዝ ሰው እንግድነቱን ያውቃል። ጅብ ሲናገር ሃይማኖት ይናጋል፤ ጋኔን ሲናገር ይጸናል፤ ይህን ረቂቅ ልዩነት ለመረዳት የግድ ዋይፋይ ማስገባት ያስፈልጋል።

የገና ጨዋታም በዚሁ ሚዛን ተመዝኖ ወድቋል። ታኅሣሥ 29 ቀን ሜዳ ወጥቶ ሩር መለጋት ዱላ አለው፣ ልብስ ያቆሽሻል፣ ከሰፈር ዱርዬ ጋር ያውላል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ስድብ ያስተምራል። "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" የተባለው ጌቶች ሪሞት ሳይኖራቸው ነው። እና ደግሞ ስድብ ለመማር ሜዳ መውጣት ምን ያደርጋል? ቲክቶክ አለ አይደል? ሁለት አስተማሪ ነን ባዮች ላይቭ ገብተው ስለ ፍቅር አምላክ ሲከራከሩ፣ አንደኛው የሌላኛውን እናት ስም ሲያነሣ፣ ተመልካቹ ጽጌረዳ ይወረውራል፤ የባሰበት አንበሳ ይልካል። አባወራው "በለው! ለሃይማኖቱ የቆመ እንዲህ ነው!" ብለው ከጋቢያቸው ውስጥ ብድግ ይላሉ። መካከለኛው ልጃቸው ከጎናቸው ሆኖ ቃል በቃል ያጠናል። በቀደም ትምህርት ቤት ተጠርተው ነበር፤ ልጁ ኳስ ያላቀበለውን ጓደኛውን "አንተ መናፍቅ!" ብሎ በጥፊ አጩሎት። አባወራው ስለ ጥፊው ቆጥተውታል።

ትልቁ ልጅ ግን እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም። አሥረኛ ክፍል ነው፣ ዝምተኛ፤ ማታ ማታ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ብርድ ልብስ ውስጥ ይገባል። አባቱ ግዴለሽ አይደሉምና ስልኩን በየሳምንቱ ይፈትሻሉ። "ትምህርተ ሃይማኖት" የሚል ፎልደር አለ። ከሥሩ "የሕማማት ስብከት"፣ "የበገና መዝሙር 2"፣ "ንስሓ" እያለ ይወርዳል፤ ስልኩን ሊሞላው ምንም አልቀረው። ከፍተው አላዩትም፤ ስሙ ተጽፎበት ምን ያስከፍታል! አንድ ማታ ማዳመጫው ተነቅሎ የተኩስ እሩምታ ቢሰማ "የሰማዕታት ታሪክ ነው፣ አባዬ" አላቸው። አባዬም በሰማዕታት ዘመን ክላሽ ነበር ወይ ብለው ልጅ የሚያፋጥጡ ሰው አይደሉም። እንግዳ በመጣ ቁጥር "ይሄ ልጅ እኮ ስንት ጊጋ ስብከት እንዳጠራቀመ አታውቁም!" ይላሉ። ልጁ አንገቱን ይደፋል፤ እንግዳውም ትሕትናውን ያደንቃል።

ሰሞኑን የሰንበት ትምህርት ቤቱ ኃላፊ ለሕፃናት የሚታይ ንጹሕ ነገር እንደቸገራቸው ሲናገሩ የሰሙት አባወራ አንድ ቀን አላደሩም። ልጁ ትምህርት ቤት በዋለበት ፎልደሩን እንዳለ በፍላሽ አስገልብጠው አስረክበዋል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ በፕሮጀክተር ይታያል ተብሏል፤ ወላጆችም ከልጆቻቸው ጋር እንዲገኙ ጥሪ ተላልፏል።