እርማት፦ ጣውላን በሁለት ባልዲዎች መካከል ስለ መቁረጥ

«የጣውላውን ጫፎች በሁለት የተገለበጡ ባልዲዎች ላይ አሳርፋችሁ መሃሉን በኤሌክትሪክ መጋዝ ቁረጡ፤ ሁለቱም ጫፍ ስለተደገፈ አያሰጋም» የሚለው ምክር በብዙዎች እየተደገመ ስለሆነ በአክብሮት ማረም ያስፈልጋል። ጠንካራና የማይንሸራተት ባልዲ ለድጋፍነት መዋሉ በራሱ ችግር የለበትም፤ ስህተቱ በሁለቱ ድጋፎች መካከል መቁረጡ ላይ ነው።

ጫፍና ጫፉ ብቻ የተደገፈ ጣውላ መሃሉ በመጋዝ እየሳሳ ሲሄድ በገዛ ክብደቱ ወደ ታች ይጎብጣል፤ ሲጎብጥም የተቆረጠው ክፍተት ከላይ በኩል ይጠብና የመጋዙን ምላጭ ይነክሰዋል። በዚህ ጊዜ ክብ መጋዝ ከእንጨቱ ዘሎ በመውጣት ወደያዘው ሰው ሊፈናጠር ይችላል፤ ይህ ደግሞ እጅና ጭን ላይ ከባድ ጉዳት የሚያደርስ አደጋ ነው።

ይህን ለማረጋገጥ ኤሌክትሪክ አያስፈልግም። ቀጭን ጣውላ በሁለቱ ባልዲዎች ላይ አጋድሞ መሃሉን በእጅ መጋዝ እስከ ግማሽ ውፍረቱ መቁረጥ፣ ከዚያም በክፍተቱ ውስጥ ቁራጭ ካርቶን አስገብቶ ጣውላውን ከአጠገቡ በመዳፍ ቀስ አድርጎ መጫን ይበቃል፤ ካርቶኑ ተነክሶ አልወጣም ይላል። ይኸው ሙከራ ከባልዲው ውጪ በተንጠለጠለው ጫፍ ላይ ሲደገም ግን ክፍተቱ ይሰፋል፣ ካርቶኑም ይላቀቃል።

ስለዚህ የሚወድቀው ቁራጭ አጭር ከሆነ ከድጋፉ ውጪ ይቆረጥ፣ ዋናው ጣውላም በማጥበቂያ ይታሰር። መሃሉን መቁረጥ ግድ ሲሆን በመስመሩ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት፣ በድምሩ 4 ቁመታቸው እኩል የሆኑ ድጋፎችን ማድረግና ቁራጮቹ ከተለያዩ በኋላም በየራሳቸው ተደግፈው እንዲቀሩ ማድረግ ይገባል።